ትርፍ ሽቦ

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
የኦሬስት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ሲያገሳ፣
አጠገቡ ሳጥን፣ በኮምፔንሳቶ የተሠራች፣
ሆዷን ተከፍታ፣ አንጀቷን አስጥታ ቆማለች።

ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፤
የማን ጫፍ የማን ነው? የቱ ነው መውጫ?
"ድር ቢያብር" ይባላል። እዚህ ግን ድር ሲያብር
አንበሳ አይታሰር፣ ፊውዝ ነው የሚያርር፤
ትናንት ሁለት ሽቦ በድንገተኛ ፍቅር
ራቁት ተነካክተው፣ ብልጭ አለ፣ ጨለመ፤
የላይኛው ተከራይ
በተረከዙ ደልቆ ወለሉን፣ አጉረመረመ።

ኦሬስት አርባ ዓመት ሊፍት ሲጠግን ኖሯል፤
አሥራ አንድ ፎቅ ጨለማ በገመድ ተንጠልጥሏል፤
ዛሬ እጁ ይርዳል፣
ሻይ ሲይዝ ይደፋል።
ስለዚህ ካውያው ለእኔ፣ ባትሪው ለእሱ ደረሰ፤
ብርሃኑም በግድግዳው እንደ ዓሣ ተመላለሰ።

ለሽቦ ቁጥር አይሰጥም፤ ስም ነው የሚያወጣው።
ናስትሮ በጥርሱ ይበጥስና
በእናቱ ፊደል ይጽፋል፣ መስመሩ እየሸሸው።
የግራ ክንፍ "ሊዳ" ናት፤ "ሚስቴ" አለኝ ሳቅ ብሎ፣
"በክርክር ሁሉ ቀድማ የምትመታ፣ ነፍሷን ይማር።"
የቀኙ "ቦህዳን"፣ ወንድሙ፣ ለቀብር እንኳ የሚዘገይ።
ያቺ ድንገት ጓ! ብላ ሳጥኑን የምታናጋ፣
እሷማ "አማቴ" ናት። ሌላ ስም አልፈለገም።

አምስት ቮልት ለአሳቢው፣ ሃያ አራት ለጉልበተኛው፤
በአንድ መሬት ካልታሰሩ
አንዱ ሲናገር ሌላው አይሰማው።
"ሰውም እኮ እንዲህ ነው" ልል ነበር፣ ምላሴን ያዝኩ፤
ኦሬስት ፍልስፍና አይወድም። "ሽቦ ላጥ" አለኝ። ላጥኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት ቁልፉን ተጫንኩ፤
ስክሪኑ ነጋ፤ ኳሷ ወጣች፣ ብር መሳይ።
ክብደት የላትም፣ ጥላ ግን አላት፤
የለችም፤ ስትወድቅ ግን ልብ አብሯት ይወድቃል፤
ክንፉ ሲመታት እንጨቱ በእውነት ጮኸ፣
መዳፌ ደነገጠ።

"ተራህ ነው" አልኩት።
እጆቹን በግራና ቀኝ አሳረፈ፤ ሳጥኗ
እንደ ተያዘች ወፍ መንዘፍዘፍ ጀመረች፤
ሳይገፋት፣ ሳይመታት፣ ኳሷም ገና ሳትወርድ
"አጋደልክ!" ብላ ፈረደች።
መብራቱ ጠፋ፣ ክንፎቹ ሞቱ።
ደግሞ ሞከረ፦ "አጋደልክ!" ደግሞ።
አጭበርባሪን ሊይዝ የተቀጠረ ዘበኛ
የሽማግሌን እጅ ከሌባ እጅ አይለይም።

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ "ሻይ ላምጣ" አለ።
ደረጃውን ሲወጣ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስት ነው።
በአሥራ ሦስት ደረጃ ሰው ብዙ ይሠራል፤
ፒንሳ አነሳሁና
አንዲት ቀጭን ግራጫ ነቀልኩ።

ሲመለስ ኩባያው ጎድሏል፣ እጅጌው ርሷል።
ቆመ። ተጫወተ። ሳጥኗ አብራው ተንቀጠቀጠች፤
ማንም አልከሰሰው።
ሊዳ ቀድማ መታች፣ ቦህዳን ዘገየ፣
አማቱ ጓ! አለች፤
የላይኛው ተከራይ ተረከዙን ላከ፣
ኦሬስት በፉጨት መለሰለት።
ነጥቡን ረስቼዋለሁ። እሱ በእርሳስ ጽፎታል፣
ከቦይለሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከነቀኑ።

ከዚያ ጎንበስ አለና ሆዷን በባትሪ ፈተሸ።
"ይህችስ?" አለ፣ የተንጠለጠለችውን ይዞ።
"ትርፍ ናት።"
ሊፍት ውስጥ ትርፍ ሽቦ የለም፤
አርባ ዓመት የኖረበት ሰው ይህን አይስትም።
ዝም አለ። ናስትሮ በጥርሱ በጠሰ፣
ጫፏን እንደ ቁስል ጠቀለላት፤
በዚያው በሚርደው እጁ፣ ፊደል በፊደል፣
የእኔን ስም ጻፈባት፦

ቢተው።